“የምንማረው ተኩስ ነው ወይስ ዝናብ?”

የሻለቃው ዓምድ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የዚህን ወር ደብዳቤዎች ያነበብኳቸው እንደ ልማዴ ፍራንኮ አካባቢ፣ ቡና ከምጠጣበት በረንዳ ላይ ነው። የአዳማን ነፋስ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ሁለቱን ደብዳቤ ከጠረጴዛ ላይ አንስቶ የቆመ ባጃጅ ሥር ከተተብኝ። ቡና የምታፈላው ልጅ ሮጣ አመጣችልኝ።

ለአዲስ አንባቢዎች ስለ ራሴ ትንሽ ልበል። በ1974 ስንቅና ትጥቅ ክፍል ገባሁ። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን እኔም ተበተንኩ። ሰባት ዓመት ከአሰብና ከጅቡቲ የጭነት መኪና ስነዳ ኖርኩ። በ1990 ጦርነት ሲመጣ ተጠርቼ ተመለስኩ፤ በሻለቃነት ጡረታ ወጣሁ። ጀግና አልነበርኩም። ሥራዬ ውሃ፣ ዱቄትና ናፍጣ ማድረስ ነበር። ስለዚህ ዓለምን የምለካው በጄሪካን ነው። ይቅርታ አድርጉልኝ።

ወደ ደብዳቤዎቹ እንሂድ።

ይድረስ ለጋሽ ሻለቃ። እጩ መኮንን ነኝ። ለእረፍት ቤተሰቦቼ ጋ አዳማ መጥቻለሁ። ከምንማራቸው ነገሮች መሀል ስለ አየር ንብረት ለውጥና ስለ አገር ደኅንነት የሚያወራ ትምህርት አለ። እውነቱን ልንገርዎትና ግማሾቻችን እንተኛለን። ካርታ ንባብ ይገባኛል፣ ስልት ይገባኛል። ይሄኛው ግን የግብርና ተማሪዎች ጉዳይ ነው የሚመስለኝ። እኛ የምንማረው ተኩስ ነው ወይስ ዝናብ?
ከቦኩ

ልጄ፣ ስለ እንቅልፉ አልቆጣህም። ከምሳ በኋላ ያለ ክፍለ ጊዜ የማያስተኛው ወታደር እስካሁን አላየሁም። ጥያቄህ ግን ደህና ጥያቄ ነው። ቁጭ ብለን እናውራበት።

ጥር 1966 ነገሌ ቦረና ምን እንደተፈጠረ ነግረውህ ያውቃሉ? የየካቲት አብዮት ከምንለው ነገር፣ ከአዲስ አበባ የታክሲ አድማም በፊት የተነሳ ነገር ነው። ምክንያቱ ርዕዮተ ዓለም አልነበረም። የተራ ወታደሮቹ የውሃ ፓምፕ ተበላሸ። የመኮንኖቹ ጉድጓድ ግን ውሃ ነበረው። ወታደሮቹ ከዚያ እንቅዳ አሉ፣ ተከለከሉ። የሚቀርብላቸው ምግብም የሚበላ አልነበረም። መኮንኖቻቸውን አሰሩ። ሊያነጋግሯቸው የተላኩትን ጄኔራልም ያዙና እነሱ የሚበሉትን አበሏቸው፣ እነሱ የሚጠጡትን አጠጧቸው። ወሬው ከጦር ሰፈር ጦር ሰፈር ዞረ። መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሠ ነገሥቱ በቮልስዋገን ከቤተ መንግሥት ሲወጡ፣ የነገሩ አንዱ ጫፍ አንድ የተበላሸ ፓምፕ ላይ ነበር።

በዚያው ዘመን ወሎ በረሃብ አልቋል። እኔ ዝናብ ንጉሥ አወረደ አልልህም። የንጉሡ መንግሥት የራሱ ስንጥቅ ነበረው። ዝናብ የቀረባቸው ዓመታት ስንጥቁን ለሁሉም አሳዩት። ድርቁ ሲመጣ ረሃቡን ለመደበቅ የሞከረው ሰው ነው እንጂ ሰማይ አይደለም።

አሁን ወደ ራሴ ውርደት ልምጣ። 1991፣ ነሐሴ፣ አፋር። ሰባት ኦራልና አንድ የውሃ ቦቴ ይዤ እየሄድኩ መሸብኝ። ደረቅ አሸዋማ ወንዝ አገኘሁ። ግራር አለ፣ ጥላ አለ፣ መሬቱ ለጥ ያለ ነው። ከመንገድም አይታይም። ካርታ ንባብ ላይ ጥሩ ነጥብ የነበረኝ ሰው ስለሆንኩ “እዚህ እናድራለን” አልኩ። ፍየል የሚነዳ አንድ የአፋር ሽማግሌ መጥቶ በተሰባበረ አማርኛ “ውጡ። ደጋው ጠቁሯል” አለኝ። ወደ ላይ አየሁ። ኮከብ እንኳ ሊቆጠር የሚችል የጠራ ሰማይ። ሳቅ አልኩና ብስኩት ሰጠሁት። ብስኩቱን አልተቀበለኝም። ፍየሎቹን ነድቶ ወደ ጉብታው ወጣ።

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን ባቡር የሚመጣ መሰለኝ። እዚያ አካባቢ ባቡር የለም። ዝናቡ የዘነበው ወሎ ተራራ ላይ ነው፤ እኛ ጋ ጠብታ አልወረደም። ውሃው ግን ድንጋይና ግንድ ይዞ መጣ። አንድ ሾፌር ትኋን እንቅልፍ ነስታው ውጭ ተቀምጦ ስለነበር ጮኸ። ሰው ተረፈ። ሁለት ኦራልና ቦቴው ሄዱ። በማግስቱ ግምገማ ላይ የተባልኩትን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

“ጠላት ነው?”

“አይደለም፣ ጎርፍ ነው።”

“ቀድመህ መረጃ ነበረህ?”

“ነበረኝ።”

“ከማን?”

“ከፍየል ጠባቂ።”

ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ልብ በል፣ ማንም አልተኮሰብኝም፤ ግን ከፊት ያሉት ሰዎች ለሁለት ቀን ውሃ አላገኙም። በእኔ ሒሳብ በረሃ ላይ አንድ ወታደር ለመጠጥ ብቻ በቀን 10 ሊትር ይፈልጋል። 500 ሰው ካለህ 5,000 ሊትር ነው። በባለ 20 ሊትሩ ጄሪካን 250 ጄሪካን፣ በየቀኑ። ሙቀቱ ሲጨምር ይህ ቁጥር ይጨምራል። በመንገድ ላይ ያለው ጉድጓድ ሲደርቅ ቦቴው የሚመላለስበት መንገድ ይረዝማል። ቦቴ በበዛ ቁጥር ናፍጣ ይበዛል፣ አጃቢ ይበዛል። ስልት የምትለው ነገር ያለው እዚህ ውስጥ ነው።

መምህራችሁን በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ስለ አንበጣው ጠይቁት። እውነቴን ነው፣ እንቅልፍ ያጠፋል። እንዲህ ነው የሆነው። ግንቦት 2010 ከሕንድ ውቅያኖስ የተነሳ አውሎ ነፋስ የዓረብ በረሃ ላይ ዘነበ፤ ሩብ አል ኻሊ የሚባለው፣ ሰው የማይኖርበት አሸዋ። ጥቅምት 2011 ሌላ አውሎ ነፋስ ደገመው። በረሃው አረንጓዴ ሆነ። አንበጣ እዚያ ማንም ሳያየው ትውልድ በትውልድ ላይ ተራባ። ቀጥሎ የመን ገባ። የመን ጦርነት ላይ ስለነበረች የሚቆጣጠረው፣ መድኃኒት የሚረጭበት አልነበረም። ቀይ ባሕርን ተሻገረ። እኛ ጋ ሲደርስ በ25 ዓመት ውስጥ ያልታየ መንጋ ነበር። በታኅሣሥ 2012 መጨረሻ ድሬዳዋ ሊያርፍ የነበረ የመንገደኞች አውሮፕላን በአንበጣ ምክንያት ማረፍ አቅቶት ወደ አዲስ አበባ ዞረ።

አስበው እንግዲህ። ቦይንግ የሚመልስ ነፍሳት! የአየር መከላከያ ቢሆን ስንት ብር በወጣበት ነበር። ከመጀመሪያው አውሎ ነፋስ እስከ ድሬዳዋ ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ጊዜ ነበረ። የትኛው ጠላት ነው ይህን ያህል ጊዜ የሚሰጥህ? ደግሞ በመሀል ያለውን ተመልከት። ሙቅ ውቅያኖስ፣ ያልተጠበቀ ዝናብ፣ የሌላ አገር ጦርነት፣ ከዚያ የእኛ ማሳ። ያንተ ትውልድ መኮንን እነዚህን አራቱን በአንድ ካርታ ላይ ማየት ካልቻለ፣ ሦስቱ እስኪያልፉ ተኝቶ አራተኛው ላይ ይነቃል።

ቦረናን ሳላነሳ አላልፍም። ምናልባት ነገ የምትመደበው እዚያ ነው። ቦረና ሁለት የዝናብ ወቅት አለው፤ ጋና እና ሀጋያ ይሏቸዋል። ከ2013 ጀምሮ አምስት ወቅት በተከታታይ ዝናብ ቀረ። አምስት! ከብት በሚሊዮን አለቀ። መቶ ከብት የነበረው ሰው የስንዴ ሰልፍ ላይ ቆመ።

አንተ እዚያ ወጣት መቶ አለቃ ብትሆን ቀድመህ የምታየው ተኩስ አይደለም። ገበያ ላይ ታየዋለህ። የበሬ ዋጋ ይወድቃል፣ የበቆሎ ዋጋ ይወጣል። አንድ በሬ ሸጦ ይገዛ የነበረውን እህል ሦስት ሸጦም አያገኘውም። ቀጥሎ ትምህርት ቤት ይሳሳል፤ ልጆቹ ከብት ተከትለው ሄደዋል። ከዚያ እረኛው በማያውቀው መንገድ፣ በሌላ ሰው ግጦሽ በኩል ይሄዳል። ጠመንጃ ይዟል፤ ድሮም ይዟል። ያን ቀን ውሃ ፍለጋ የመጣውን ሰው እንደ ወራሪ ከተቀበልከው፣ ማታውን ጦርነት አለህ። ቀድመህ የሁለቱን ወገን ሽማግሌዎች አገናኝተህ የጉድጓዱን ተራ ካስያዝክ ግን ሪፖርትህ ላይ የምትጽፈው ነገር አይኖርም። ለዚህ ማንም ሜዳሊያ አይሰጥህም፤ አስቀድሜ ልንገርህ።

ይህን የገበያና የግጦሽ ምልክት መከታተል አዲስ ነገር አይደለም። የኢጋድ የግጭት ቅድመ ማስጠንቀቂያ ተቋም፣ ሴዋርን የሚሉት፣ መቀመጫው አዲስ አበባ ነው። ሥራውን የጀመረው በአርብቶ አደር አካባቢዎች ነበር። የሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩታችንም ለበልግ፣ ለክረምትና ለበጋ ትንበያ ያወጣል። አንተ ማድረግ ያለብህ ትንበያውን ወስደህ ከግዳጅ ካርታህ ጋር ማስተያየት ነው። ዝናብ የሚያጥርበት ቀጠና ላይ ጉድጓድ፣ ገበያና የከብት መንገድ ምልክት አድርግ። ሦስቱ የሚገናኙበትን ቦታ ሄደህ ሻይ ጠጣበት። እኔ ያን ሽማግሌ ሻይ ጋብዤው ቢሆን ኖሮ ቦቴው ይተርፍ ነበር።

ሰላም ለሻለቃ። የምኖረው ወንጂ ነው። ልጄ ፖሊስ ለመሆን ሥልጠና ላይ ናት። ስትደውል “ዛሬ ስለ ጎርፍና ስለ መሬት መንሸራተት ተማርን” ትለኛለች። እኔም “ሌባ መያዝ መቼ ሊያስተምሯችሁ ነው?” እላታለሁ። በቀልድ ነው የምላት፤ ሆዴ ግን ይፈራል። ይህ ትምህርት ልጄን ወደ አደጋ የሚልክ ነው ወይስ የሚያድናት?
የልጅ እናት

እህቴ፣ ለወንጂ ሰው ስለ ጎርፍ ማውራት ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል። አዋሽ ሲሞላ እናንተ ቀድማችሁ ታውቃላችሁ።

ፍርሃትዎን ግን ቀለል አድርጌ አላየውም። ሐምሌ 2016 ጎፋ ውስጥ የሆነውን ያስታውሳሉ። ከከባድ ዝናብ በኋላ እሑድ ማታ የተራራው ጥግ ተንሸራቶ ቤቶችን ቀበረ። ሰኞ ጠዋት፣ ሐምሌ 15 ቀን፣ የሰፈሩ ሰው ሊያወጣቸው ተሰበሰበ። ጎረቤት መጣ፣ ፖሊስ መጣ። በአካፋና በእጅ ሲቆፍሩ መሬቱ እንደገና ወረደባቸው። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ከሞቱት ብዙዎቹ ሊያድኑ የመጡት ናቸው።

እነዚያን ሰዎች ሳስብ ጉሮሮዬ ይያዛል። ማንም ሰው የሚያደርገውን ነው ያደረጉት። ጎረቤትህ ተቀብሮ ድምፁ እየተሰማ ቆመህ ተራራ አታይም። ለዚህ ነው ቆሞ ተራራ የሚያይ ሰው መመደብ ያለበት። እኛ በወታደር ቤት ቃፊር እንለዋለን። ሌላው ሲቆፍር እሱ አይቆፍርም፤ ዓይኑ ላይኛው ጥግ ላይ ነው። አዲስ ስንጥቅ ካየ፣ ዛፍ ካጋደለ፣ ምንጩ በድንገት ከደፈረሰ ያፏጫል፤ ሁሉም ይሸሻል። ሰዉም ሁሉ በአንዴ አይገባም፤ በተራ ነው። ልጅዎ ይህን ተምራ ከሆነ፣ መምህሯን አመሰግናለሁ።

ሌባ መያዝም ያስተምሯቸዋል፣ አይዞዎት።

ለተከበሩ ሻለቃ። አዳማ ውስጥ መምህር ነኝ። ዓምድዎን እወዳለሁ፤ በዚህ ጉዳይ ግን አልስማማም። አንደኛ፣ አየሩን ያበላሹት ሀብታም አገሮች ናቸው፤ እኛ ምን አገባን? ሁለተኛ፣ ግጭት በተነሳ ቁጥር “የአየር ንብረት ለውጥ ነው” ማለት ለሰነፍ ባለሥልጣን መደበቂያ ነው። ሦስተኛ፣ ሁሉን ነገር የደኅንነት ጉዳይ ካደረግነው ዛፍ መትከልም ወታደር ካልመራው አይሆንም ልንል ነው። ምን ይላሉ?
መምህሩ

መምህር፣ ደብዳቤዎ ነፋስ ከወሰዳቸው ከሁለቱ አንዱ ነው። ስላልጠፋ ደስ ብሎኛል፤ ከሁሉም የከበደኝ እሱ ስለሆነ።

ከሁለተኛው ልጀምር፤ እዚያ ላይ ከእርስዎ ጋር ነኝ። ምሳሌውም ሩቅ አይደለም። ከአዳማ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ወደ ምሥራቅ፣ መተሐራ ላይ የበሰቃን ሐይቅ ያውቁታል። በ1950ዎቹ 3 ስኩዌር ኪሎ ሜትር አካባቢ የነበረ ኩሬ ነው። ዛሬ ከ40 በላይ ሆኗል። ጨዋማ ነው፤ የሸንኮራ መሬት በልቷል። አስፋልቱንና የባቡር መንገዱንም ተጠግቶ መንገድ ከፍ እንዲደረግ አስገድዷል። እኔ ከጅቡቲ ስመላለስ በነበርኩበት ጊዜ በየዓመቱ ትንሽ ሲጠጋን በዓይኔ አይቻለሁ። የአገራችን ገቢና ወጪ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ በጅቡቲ በኩል መሆኑን ደግሞ ተማሪዎችዎም ያውቃሉ። ስለዚህ በሰቃ የደኅንነት ጉዳይ ነው፤ ማንም አይከራከረኝም።

ግን አሁን መድረክ ላይ የሚወጣ ሰው ሁሉ “በአየር ንብረት ለውጥ ምክንያት የተስፋፋው በሰቃ” ይላል። ተመራማሪዎቹ ሲያጠኑት በዋናነት ያገኙት ሌላ ነው። በዙሪያው ካለው የመስኖ እርሻ ወደ መሬት የሚሰርግ ውሃ፣ የከርሰ ምድር ፍልውሃና የስምጥ ሸለቆው የመሬት እንቅስቃሴ። ሰማዩን ከሰን ቦዩን ካልጠገንን ሐይቁ ይስፋፋል። የነገ መሪዎች ትምህርቱን ሲማሩ ይህን መለየትም መማር አለባቸው። የአየር ንብረት ለውጥ የሠራውን አንድ ጎን፣ ሰው የሠራውን ሌላ ጎን።

ሶርያም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2006 በኋላ ከባድ ድርቅ መታት፤ ገበሬው ወደ ከተማ ተሰደደ፤ በ2011 አመፁ ተነሳ። አንዳንድ ምሁራን ድርቁ አቀጣጠለው ይላሉ። ሌሎቹ አጥብቀው ይቃወማሉ። ድርቁ ጎረቤቶቿንም ነክቷል፤ ዮርዳኖስ ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ጦርነት አልተነሳም። የተባበሩት መንግሥታት የሳይንቲስቶች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርትም የአየር ሁኔታ በግጭት ላይ ተጽዕኖ አለው፣ ነገር ግን ከኢኮኖሚና ከአስተዳደር ችግሮች ጋር ሲነጻጸር ድርሻው አነስተኛ ነው ይላል። እኔ ይህን ለእጩ መኮንኖች በመጀመሪያው ቀን አነብላቸው ነበር።

ሆኖም ወደ ሌላው ጫፍም አይሂዱብኝ። የቅድሙን የቦረና ድርቅ የመረመሩ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ2023 ያሉት ግልጽ ነው። የሰው ልጅ ያመጣው ሙቀት እንዲህ ያለውን ድርቅ የመከሰት ዕድል ቢያንስ 100 እጥፍ አሳድጎታል። ዝናቡ መቅረቱ ብቻ አይደለም፤ የዘነበውም በሙቀቱ ቶሎ ይተናል። ስለዚህ ሰነፉ ባለሥልጣን ቢዋሽም፣ ሙቀቱ አልዋሸም።

አንደኛው ነጥብዎ እውነት ነው። አፍሪካ በሙሉ ተደምራ የምታወጣው ጭስ ከዓለም 4 በመቶ አካባቢ ነው። በሉት እነሱ፣ ዕዳው ለእኛ። ግን ባለዕዳ መሆናችንን ካላወቅን በምን እንከራከራለን? የበሉት ሰዎች ደግሞ ለራሳቸው ሲሆን አልተኙም። እ.ኤ.አ. በ2007 አሜሪካ ውስጥ 11 ጡረተኛ ጄኔራሎችና አድሚራሎች ተሰብስበው የአየር ንብረት ለውጥ ያለውን ስጋት ሁሉ የሚያባዛ ነው ብለው ለመንግሥታቸው ጻፉ። እንደኔ ጡረተኞች! እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ፍሎሪዳ ያለ አንድ የአየር ኃይል ሰፈራቸውን አውሎ ነፋስ አፈራረሰው። ለጥገና የቆሙና መብረር ያልቻሉ ኤፍ 22 ተዋጊ ጄቶች ሃንጋር ውስጥ እንዳሉ ተያዙ። የዓለም ሀብታም ጦር መሆን ከዚያ አላዳነም።

ሦስተኛው ላይ ብቻዎን አይደሉም። የጸጥታው ምክር ቤት ስለዚህ ጉዳይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተወያየው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ታኅሣሥ 2014 በእኛ አቆጣጠር፣ ኒጀርና አየርላንድ የአየር ንብረትን ከደኅንነት ሥራ ጋር የሚያያይዝ የውሳኔ ሐሳብ አቀረቡ። 12 አገሮች ደገፉ። ሕንድ ተቃወመች፣ ቻይና ድምፅ ተአቅቦ አደረገች፣ ሩሲያ ድምፅን በድምፅ የመሻር መብቷን ተጠቅማ ጣለችው። የተቃዋሚዎቹ ክርክር ከእርስዎ ጋር ይቀራረባል፤ ይህ የልማት ጉዳይ ነው፣ ወደ ጸጥታ አታምጡት የሚል። ሐሳቡን ካቀረቡት አንዷ ግን ኒጀር መሆኗን አይርሱ። አሸዋው ደጇ ላይ ያለ አገር።

የእኔ አቋም? ወታደር ይህን ሥራ አይምራ። ችግኙን የግብርና ሰው፣ ትንበያውን የሚቲዎሮሎጂ ሰው፣ ጉድጓዱን የውሃ ሰው ይምራ። ወታደሩና ፖሊሱ ግን ይወቁት። የማያውቅ አዛዥ ምን እንደሚያደርግ ስለማውቅ ነው። አሸዋማ ወንዝ ውስጥ ያድራል።

ጋሼ፣ ባጃጅ ሾፌር ነኝ። ተራራው ላይ የተተከሉት የነፋስ ማመንጫዎች ደመና እየገፉ ዝናብ ያባርራሉ ይላሉ። እኔ አላመንኩም፣ ግን ተሳፋሪ ሁሉ ያወራል። እውነት ነው እንዴ?
ከመብራት ኃይል ሰፈር

ውሸት ነው። ክረምት የሚዘንብልን እርጥበት ከሕንድና ከአትላንቲክ ውቅያኖስ በኩል በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ተጉዞ፣ ከተርባይኖቹ እጅግ ከፍ ብሎ ነው የሚመጣው። አዳማ አንድና ሁለት ተደምረው 136 ተርባይን ናቸው፤ 51 ሜጋ ዋትና 153 ሜጋ ዋት። ውቅያኖስን አያስደነግጡም።

ነገሩ እንዲያውም በግልባጩ ነው። የአገራችን መብራት ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ ነው የሚመጣው። ግንቦት 2011 የጊቤ ሦስት ግድብ ውሃ ሲቀንስ መላው አገር በፈረቃ ገባ። ለጅቡቲና ለሱዳን የምንሸጠውም ተቋረጠ። ዶላር ቀረ፣ ፋብሪካ ቆመ፣ አንተም ስልክህን የምትሞላበት ጠፋህ። ነፋሱ ደግሞ የሚበረታው በጋ ላይ ነው፤ ግድቦቹ በሚጎድሉበት ጊዜ። ለተሳፋሪ ሁሉ ይህን ንገር፤ ከሒሳቡ ላይ ቅናሽ ባታደርግም ይሰማሃል።

በእውነት የሚያስፈራ ነገር ከፈለግህ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ታች እይ። ከተማችን ጎድጓዳ ውስጥ ናት። ዙሪያዋ ያለው ኮረብታ ዝናቡን ወደ እኛ ያፈሰዋል። እኔ ሰፈር ያለው የጎርፍ መውረጃ ውስጥ ባለፈው ሳምንት አንድ ሙሉ ሶፋ አይቻለሁ። ሁለት ትራሱም አብሮ አለ። ክረምት ከመግባቱ በፊት የሚያነሳው ካልተገኘ፣ ሐምሌ ላይ ሳሎኔ ድረስ መጥቶ ይቀመጣል።

ደብዳቤህም ከመምህሩ ጋር ነፋስ የወሰደው ሁለተኛው ነው። ባጃጁ ወደ ኋላ ሲመለስ ጎማው ዐርፎበት ስልክ ቁጥርህ አይነበብም። ባጃጁ ያንተው ከሆነ በዚያ በረንዳ በኩል ስታልፍ ጥሩምባ ንፋ።